አበጀ ተብሎ ሲጠራ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ዝናብ በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ያ ግራ ጉልበትሽ ዘንድሮ ተወሽ ወይስ እንደ ልማዱ ከሰኔ ጋር አብሮ ገባ? ካልሲ ደርቢ፣ እርጥብ መሬት ላይ በነጠላ ጫማ አትውጪ። እኔ ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ አዛውንቶቼን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ክኒናቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ እነሱም በየቀኑ አዲስ ስም ያወጡልኛል። የበሩን መቀርቀሪያ ልጠይቅሽ ነበር፣ አሁንም ዝናብ ሲነካው እያበጠ አልዘጋ ይል እንደሆነ። ለካ ቤቱ ተሸጧል። እንግዲህ መቀርቀሪያው የገዢው ጭንቀት ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ብጀምረው ወይ አንቺ መሃል ላይ ታቋርጪኛለሽ፣ ወይ እኔ አለቅስና ታባብዪኛለሽ። ዛሬ መባበል የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ታደለችን ታውቂያታለሽ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለችኝ፣ አሁንም አብራኝ የምትሠራው። ለእናቷ ተዝካር አገር ቤት እየገባች ስለሆነ ይህን በእጅሽ እንድታደርስልኝ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ ልትሰጥሽ ቃል ገብታልኛለች። አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ካልፈለግሽም አትደውዪ፤ ይገባኛል።

ባለፈው ሳምንት የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ቤቱ መሸጡን፣ ገንዘቡ ባንክ መግባቱን፣ ለመስከረም ሃያ ቲኬት መቁረጥሽን በደስታ ትናገሪና፣ ከዚያ ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስል ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ብሩን አውጥቼ ለወንድይራድ ልሰጠው ነው» ትያለሽ። ወንድይራድ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴው። አንቺ እዚያ በብር ትሰጪዋለሽ፣ እዚህ ያለው ወንድሙ በዶላር ያስረክብሻል። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። የተረፈውን ደግሞ ትራስ ውስጥ ሰፍተሽ ልትመጪ ነው። ምክንያትሽንም ነገርሽኝ፤ «የአንቺን እንደወሰዱብሽ የኔንም ደለስ ላይ ጉምሩክ እንዳይወርሰው» አልሽ።

እዚህ ላይ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። መውረጃዬ አልፎኝ ሄደ።

እህቴ፣ ያን ፍርሃት የተከልኩብሽ እኔ ነኝ። ጉምሩክ የኔን ብር አልወሰደብኝም። አንድም ሳንቲም አልነካብኝም። ዋሽቼ ነው። አባባን ዋሸሁ፣ አንቺን ዋሸሁ፣ ዕድርተኛውን ሁሉ በእናንተ አፍ ዋሸሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። አሁን የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አባባ ወፍጮ ቤቱን የሸጠ ሰሞን ትዝ ይልሻል። ዶላሩን ከየት ከየት እንዳሰባሰበው ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከባንክ እንዳልሆነም እናውቃለን። ስድስት ሺህ አራት መቶ ነበር። እኔ እዚህ ትምህርት ጀምሬ እግሬን እስክተክል፣ ከዚያም አንቺን ኮሌጅ እስካስጨርስ ታስቦ። ከዱቄት ጆንያ ጨርቅ ቆርጦ ትንሽ ከረጢት ሰፋ፤ በጆንያ ክር፣ በዚያ በሚታወቅበት ድርብ ስፌቱ፣ አፏን ሳይቀር ዙሪያዋን ዘጋት። ከዚያ ወገቤ ላይ አሰራት። አውሮፕላን ማረፊያ እስክደርስ ድረስ ዱቄት ዱቄት እሸት ነበር።

ቦሌ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበረችው ሴት ቦርሳ ተበረበረ። ወረቀት የሌለው ዶላር ይወረሳል ሲባል ሰማሁ። ወገቤን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ ሰው ቆሞ ነበር፣ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ። ፊቴን አይቶ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ለማላውቀው ሰው ሁሉንም ዘረገፍኩለት። እሱም የአሜሪካ ፓስፖርት እንዳለው፣ ሲገባ ዶላር አስመዝግቦ ወረቀቱ በእጁ እንዳለ ነገረኝና፣ ካመንሽኝ እኔ ልያዝልሽ፣ ደለስ ስንወርድ ትቀበዪኛለሽ አለኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ የማን ልጅ ነሽ? የወፍጮው አበጀ ልጅ ነኝ አልኩት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ከረጢቷን ከወገቤ ፈታሁና በነጠላ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ስሜን አልነገርኩትም፣ አየሽ? እኛ ሰፈር ማን ስም ይጠይቃል? የወፍጮው አበጀ ልጅ ከተባለ አለቀ፤ እህል ያስፈጨ ሁሉ ያውቀናል። ዓለም በሙሉ እኛ ጋ ያስፈጨ መስሎኝ ነበር። የሱን ስም ደግሞ አልጠየቅሁም። ታላቅን ሰው፣ ያውም ሊረዳሽ እጁን የዘረጋን፣ ስምዎ ማን ነው ማለት አላምንዎትም ማለት መስሎ ታየኝ። በይሉኝታ ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

ደለስ ስንወርድ ዜጎች በአንድ በኩል አለፉ፤ እኔንና እንደኔ የታሸገ የቪዛ ፖስታ የያዙትን ለብቻችን ክፍል ውስጥ አስቀመጡን። ብዙ ሰዓት ቆየን። በኋላ አንዱ ኦፊሰር ጠራኝና ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ይዘሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። እውነቴን ነው፣ ምንም አልነበረኝም። እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ማኅተም መታልኝ። ሁሉም ያ ነው። ከረጢቷን ወገቤ ላይ አስሬ ብቀርብም ስድስት ሺህ ነውና ማንም ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። የፈራሁት ጅብ ደለስ አልነበረም።

ወጥቼ ሻንጣዬን ስፈልግ ድምፅ ማጉያው አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ጠራ። «ኤይቢጂ፣ ኤይቢጂ» የሚል። የበረራ ስም መሰለኝ። ሻንጣዬን አግኝቼ በሩን ስወጣ ታደለች ቆማለች፣ ሰውየው ግን የለም። ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁት። ማንን ነው የምትፈልጊ ስትለኝ ማንንም አልኳት። ምን ልበላት? ስሙን የማላውቀውን ሰው?

በሦስተኛው ቀን አባባ ደወለ። ብሩስ በሰላም ገባ አለኝ። ስሙን እንኳ የማታውቂውን ሰው አምነሽ ሰጠሽ ሲለኝ ታየኝና ምላሴ ቀደመኝ፤ ጉምሩክ ወሰደብኝ አልኩት። የስልኩ ማዶ የወፍጮ ድምፅ ጠበቅሁ፤ ወፍጮውም ተሸጧል። ቆይቶ፣ «መንግሥት ከሆነ የወሰደው ምን ይደረጋል፣ ሌባ አለመውሰዱ» አለኝ። በኋላ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፣ ዕድር ላይ ሳይቀር «የአሜሪካ መንግሥት የኔን ብር ቆጥሮ ተረከበ» እያለ ይናገር እንደነበር። ሰው ሲስቅ ሰምተሽ አዘንሽ። በዚያው ዓመት ከኮሌጅ ወጣሽ። ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባሽ። ገንዘቡ ስለሌለ እንጂ ስለሰነፍሽ እንዳልሆነ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስሙ አበጀ የሆነ ሰው ልጅ ሆኜ ምንም አላበጀሁም።

ሊያርፍ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በስልክ ያገናኘሽን ጊዜ፣ ከክፍሉ ወጣ በዪ ብሎሽ ነበር። ምን እንዳለኝ ጠይቀሽኝ አልነገርኩሽም። «ያን ብር መለሱልሽ ወይ?» ነው ያለኝ። ገና ናቸው አልኩት። ይመልሱታል አለኝ፤ መንግሥት ቀጠሮው ይረዝማል እንጂ አይክድም አለኝ። ይኸው ነው የመጨረሻ ቃሉ ለኔ።

በየዓመቱ በረዶው ሲጀምር አንድ ሕልም ይመላለስብኛል። ደለስ ሻንጣ የሚዞርበት ቀበቶ ላይ ሻንጣ የለም፤ የዱቄት ጆንያ ነው የሚዞረው። አባባ ቅንድቡ ድረስ ነጭ ሆኖ መሃል ላይ ቆሟል። ጆንያው ሲያልፍ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፣ ልክ የደንበኛ እህል እንደሚያስረክብ። ከጆንያዎቹ መሃል ያቺ ከረጢት ትመጣለች። እጄን እዘረጋለሁ፣ ጣቶቼ ዱቄት ውስጥ ገብተው ባዶ ይወጣሉ። አባባ አይቆጣም። ትዞርና ትመጣለች ይለኛል። ነቅቼም ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል፤ መስኮቱ ላይ በረዶው ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እኔም ተነሥቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

ሰውየውን ምን ያህል እንደረገምኩት ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለገብርኤል ተስያለሁ፤ ያን ሌባ በእግሩ ወይም በእጁ ቀጥተህ ካሳየኸኝ ዣንጥላ አገባለሁ ብዬ። በእግሩ ወይም በእጁ! መልአክ ያማርጥ ይመስል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው የካቲት ዓይኔ ደከመና መነጽር ላሠራ ሄድኩ። ኢንሹራንሴን የሚቀበለው ክሊኒክ አሌክሳንድሪያ ስለነበር ከሜሪላንድ ወንዙን ተሻግሬ ቨርጂኒያ ገባሁ። ሰው ሞልቷል፤ ተቀምጬ በሙቀቱ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። እዚህ አገር በአባትሽ ስም ነው የምትጠሪው፣ ታውቂያለሽ። ከሸዋ ወጥቶ የማያውቀው አባባ በየባንኩ፣ በየክሊኒኩ፣ በየቢሮው ሲጠራ ይውላል። አንዳንዴ ሲጠሩት ዝም ብዬ እቀመጥና፣ እስቲ እሱ ይነሣ ይሆን እላለሁ። የዚያን ዕለትም ነርሷ በሩን ከፍታ «ኤይቢጂ» ስትል፣ ከእንቅልፌ ብድግ አልኩ።

ከኔ ጋር ሌላ ሰው ተነሣ።

ማዶ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሰው ናቸው። ጠጉራቸው ሸብቷል፣ ካፖርታቸው ክንዳቸው ላይ ነው። እያዩኝ ቆሙ፣ እኔም እያየኋቸው ቆምኩ። ነርሷ ማናችሁ አለች። እሳቸው ግን በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ የወፍጮው አበጀ ልጅ ነሽ? አሉኝ። የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ። ሌባ ብዬ ልጮኽ አሥራ አንድ ዓመት ያዘጋጀሁት አፍ «እርስዎ ነዎት?» ብቻ አለ።

የሆነውን በመተላለፊያው ቆመን ነገሩኝ። ደለስ ሲወርዱ የሻይ ካርቶን ቀድደው «አበጀ» ብለው ጽፈው በር ላይ ሲጠብቁኝ ቆዩ። ስዘገይባቸው በድምፅ ማጉያ አስጠሩኝ፤ ፈረንጇ ስሙን ስታበላሸው ሁለቴ አርመዋታል። ታክሲ ስለሚነዱ ሺፍት ደረሰባቸውና ሄዱ፤ ማታ ተመልሰው መጡ፣ ከዚያም ሦስት ቅዳሜ ተመላለሱ። ካሉበት አሌክሳንድሪያ ተነሥተው ፌርፋክስ ድረስ በየቤተ ክርስቲያኑ የአበጀ ልጅ የምትባል ልጅ አላችሁ ወይ እያሉ ጠይቀዋል። ወንዙን ተሻግሬ ሜሪላንድ መፈለግ እንዴት አላሰብኩም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በስልክ መሥሪያ ቤት፣ በየቢሮው ሲያስፈልጉኝ ስሙ በፈረንጅ አፍ ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚበላሽ ለምደውት ነበርና፣ ነርሷ ስትጠራ ሳያስቡት ተነሡ። «ኤይቢጂ ሲባል የተነሣሁት ዛሬ ብቻ እንዳይመስልሽ» አሉኝ።

ስማቸው ሠረቀብርሃን ነው። ስማቸውን ስጠይቃቸው ሳቁ። በጊዜው ብንጠያየቅ ኖሮ አሉ።

ሲራመዱ ግራ እግራቸውን ሸብረክ ሲያደርጉ አየሁ። ገብርኤል ሆይ ምን አደረግህ አልኩ በሆዴ። እግርዎን ምን ሆኑ ብዬ ጠየቅኋቸው። በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ ነው አሉኝ። እንደዚያን ዕለት ተመስገን ብዬ አላውቅም፤ እሳቸው ግን በመውደቃቸው የተደሰትኩ መስሏቸው ግራ ተጋብተው አዩኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ድልድዩን ተሻግረው ቤቴ መጡ። ከረጢቷን ባንክ ውስጥ ሣጥን ተከራይተው ነው ያኖሯት። በየዓመቱ እየከፈሉ። አራት ጊዜ ቤት ቀይረዋል፣ አንድ ጊዜ ሥራ አጥተዋል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧትና እጃቸውን ወደኋላ አደረጉ። የአባባ ስፌት አንዲት ሳይፈታ፣ ክሩ ትንሽ ቢጫ ሆኖ፣ ቋጠሮው እንዳለ አለ። ውስጧ ስንት እንዳለ አያውቁም። የሰው ስፌት ይፈታል ወይ? አሉኝ። አባባ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እኔም አልቀበርኩትም፤ እንባዬን የዚያን ዕለት ጨረስኩ። አፍንጫዬን አስጠጋሁት፣ አሁንም ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ትዞርና ትመጣለች ብሎኝ አልነበር።

ያን ጊዜውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አምስት ወር ዝም አልኩ። ብሩ መገኘቱን ከነገርኩሽ ውሸቱንም መንገር አለብኝ፣ ውሸቱን ከነገርኩሽ ደግሞ ኮሌጁን ትጠይቂኛለሽ። ፈራሁሽ። የወንድይራድን ነገር ባልሰማ ምናልባት አሁንም ዝም እንዳልኩ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት የኔ ውሸት አንቺ ዘንድ እንደ ምክር ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ስለ ገንዘቡ የምልሽን ስሚኝ። ለወንድይራድ አትስጪው። ሰውየው መጥፎ ነው አላልኩም፣ አላውቀውም፣ ጉዳዩም እሱ አይደለም። አንቺ ትዪኝ ይሆናል፣ ያንቺስ ሰው ታማኝ ሆኖ የለም ወይ? እኔም ይህንኑ ለሠረቀብርሃን አነሣሁለት፤ ተቆጣኝ። እኔን ማመንሽ ስህተት ነበር አለኝ። ያን ዕለት ታክሲው አደጋ ደርሶበት ብሞትስ? ሥራ ባጣሁ ጊዜ ስፌቱን ፈትቼስ ቢሆን? ማን ብለሽ፣ የት ብለሽ ትጠይቂ ነበር አለኝ። እንኳን ሌባው፣ ታማኙም ስም የሌለው ገንዘብ ይጠፋበታል አለኝ። እሱ እንዲህ ነው፣ ራሱን እንኳ አያደላለትም።

ባንክ ሂጂ። የቤቱን ሽያጭ ውል፣ ግብር የከፈልሽበትን ደረሰኝ፣ ቪዛሽንና ቲኬትሽን ይዘሽ ሂጂና ለሚሄድ ሰው ስንት ዶላር ይሸጣል ብለሽ ጠይቂ። ደንቡ ይቀያየራልና እኔ በምነግርሽ አትሂጂ፣ ከራሳቸው ስሚ። የሚሰጡሽን ያህል ግዢ፣ ወረቀቱን ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢው፤ ቦሌ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። የቀረው እዚያው በስምሽ ይቀመጥ። ለማንም ሙሉ ውክልና እንዳትሰጪ፣ አልቅሶ ለሚለምንሽ ዘመድም ቢሆን። ከዚህ ሆነሽ በሕጋዊ መንገድ እንዴት እንደሚላክ ቀስ ብለን እንጠይቃለን። ሲዘገይ ይዘግይ። እኛ እንደሆን መዘግየት ለምደናል። ሌላው ደግሞ የአባባ ስም ነው፤ በኔ ፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ በአንድ ጄ ነው የተጻፈው፣ ያንቺ ቪዛ ላይ በሁለት ጄ አይቼዋለሁ። ባንኩም፣ ቲኬቱም፣ እዚህ የምትከፍቺው አካውንትም ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ይሁን፣ ፊደል በፊደል። በአንዲት ፊደል ምክንያት ገንዘቡ የማይታወቅ ሰው ሆኖ ይቀመጣል።

ደለስ ስትደርሺ ደግሞ አትፍሪ። ገንዘብ ይዞ መግባት ወንጀል አይደለም፣ ቀረጥም የለውም። ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ከያዝሽ ዲክሌር አድርጊ ይሉሻል። እኔ ያን ቃል ለብዙ ጊዜ አስረክቢ ማለት ይመስለኝ ነበር። ይዣለሁ ማለት ብቻ ነው እህቴ። ወረቀት ላይ ይዣለሁ ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ፣ ገንዘብሽን ይዘሽ ትወጪያለሽ። የሚወርሱት የደበቀውን ነው። ወረቀቱ የቤተሰብ ስም ይልሻል፣ እዚያ ላይ አበጀ ብለሽ ጻፊ። በዚያ ስም እኔ ዋሽቻለሁ፤ አንቺ እውነቱን ፈርሚበት። ይኸ ደብዳቤም የኔ ዲክሌር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ደብቄ የያዝኩት ይኸን ነበር።

እስካሁን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው አንድ ነገር አየሁ። ሠረቀብርሃንን ክሊኒኩ ውስጥ እሳቸው እያልኩ ጀምሬ፣ ስለ ገንዘቡ ስመክርሽ እሱ ብያለሁ። ሌባ ሳደርገውም እሱ ነበር ያልኩት። አማርኛችን ጉድ ነው፣ ሌባንና የቅርብ ሰውን አንድ አድርጎ ይጠራል። አባባንም አንቱ ብለነው አናውቅም። ልሰርዘው እስክሪብቶውን አነሣሁና ተውኩት።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣል። የማሞቂያዬን ጩኸት አስተካክሎልኛል፤ አሁን ቤቱ ዝም ሲል ደስ ይላል። ብዙ አይናገርም። አንዳንዴ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብለን ዛፉን እያየን ከሰዓት ያልፋል፣ ጠጅ የጠጣሁ ይመስል ሰውነቴ ይላላል፣ መቼ እንደመሸ አላውቅም። አንቺ ስትመጪ ግን አንቱ በዪው። ታላቅሽ ነው።

ከረጢቷን አልፈታኋትም። ትራሴ ሥር ናት። ብቻዬን የምፈታት አይደለችም፤ ሙሉው ያንቺ ነው፣ የኮሌጅሽ ነው። ዕድሜ ደግሞ እዚህ አገር ለትምህርት አይጠየቅም። ስትመጪ መቀሱን አንቺ ትይዣለሽ። ስፌቱን ስትቆርጪ ግን ቋጠሮውን አትንኪብኝ፣ ለብቻው ላስቀምጠው እፈልጋለሁ። ይቅር በዪኝ። ይቅር ካላልሽኝም ነይ፣ እዚሁ ሆነሽ ተቆጪኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አምጪልኝ። ጥሩ ዣንጥላ፣ ጥልፉ ወርቃማ የሆነ፣ ለገብርኤል። ዛሬ ንግሡ ነበርና ሄጄ ነገርኩት። ስለቴ ደርሷል አልኩት፣ በጠየቅሁት መንገድ ባይሆንም። የለመንኩትን ስላልሰማኝ ነው የማገባለት።

የምታልፊበትን መንገድ ሁሉ የአባባ አምላክ ከፊትሽ ሆኖ ይጥረግልሽ። ከምቀኛም ከይሉኝታም ይጠብቅሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እጅሽ የያዘውን ይባርክልሽ፣ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

መስከረም ሃያ፣ ከዚያ የሻንጣ አዳራሽ ስትወጪ ሁለት ሰዎች ቆመን ታዪናለሽ። አንዱ ካርቶን ይዟል። አዲስ አልጻፍንም፤ ከከረጢቷ ጋር ሣጥን ውስጥ ታጥፎ የኖረው ያው የሻይ ካርቶን ነው። ድምፅ ማጉያው «ኤይቢጂ» ብሎ ሲጠራ ከሰማሽ የበረራ ስም አይምሰልሽ፣ አንቺን ነው። ከእንግዲህ እዚህ አገር አበጀ ተብሎ ሲጠራ ሦስት ሰው ይነሣል።

ታላቅ እህትሽ